ሌሊት የሚፈስ ፍላሽ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለ የአንድ ግቢ ጉዳይ

ለምን ተጻፈ

የሽንት ቤት ፍላሽ ማፍሰስ ተራ ነገር ነው። ባለሙያ ይጠራል፣ ጎማ ይቀየራል፣ ያበቃል። ይሄኛው ግን አላበቃም። የታንኩ ዕቃ ተቀይሮም ውሃው መፍሰሱን ቀጠለ፤ እንዲያውም ባሰበት። በመሃል ሰው ተኮራረፈ፣ አንድ ተከራይ ቤት ለቀቀ፣ የግቢው ቧንቧ ላይ ቁልፍ ተንጠለጠለ። ምክንያቱ ሲገኝ ደግሞ ከውሃ ፈረቃና ከሮቶ ጋር የተያያዘ ሆነ። ፈረቃና ሮቶ ያለው ቤት ሁሉ ሊገጥመው ይችላል ብዬ በዝርዝር ጻፍኩት። የሰዎቹን ስም ትቼዋለሁ። እኔ የግንባታ ሥራ ላይ የምውል ሰው ነኝ፤ ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት ግን በጎረቤትነት ነው።

ግቢውና ውሃው

ሰፈሩ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። የግቢው ባለቤት ጡረታ የወጡ እናት ናቸው፤ ሁሉም «እማማ» ነው የሚላቸው። በዋናው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ ይላል። ከኋላ ሦስት ሰርቪስ ቤቶች አሉ፣ ሦስቱም ተከራይተዋል። በአንዱ ባልና ሚስት ከጨቅላ ልጃቸው ጋር፣ በሌላው ፋብሪካ የሚሠሩ ሁለት እህትማማቾች፣ በሦስተኛው አንድ የከባድ መኪና ረዳት ይኖሩ ነበር። ተከራዮቹ የሚጠቀሙበት ሽንት ቤት ግቢው ጥግ ያለው፣ በባልዲ ውሃ የሚደፋበት ነው። ፍላሽ ያለው የእማማ ቤት ብቻ ነው።

ቆጣሪው አንድ ነው። የውሃ ሂሳብ በሰው ቁጥር ይካፈላል። ይህን የማያውቅ ተከራይ አዲስ አበባ ዙሪያ ያለ አይመስለኝም።

የከተማዋ ውሃ ከግድቦችና ከጉድጓዶች ይመጣል። ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ ግድቦች ናቸው። ወደ ደቡቡ ወገን የሚደርሰው ግን በአብዛኛው ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚወጣ ነው። የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ይዞ ይመጣል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ተጋግሮ የሚቀረው ነጭ ነገር እሱ ነው። ፍላሽ ታንክ ውስጥም እንዲሁ ይጋገራል፤ የሚታይ ቦታ ላይ ስላልሆነ ግን ማንም ልብ አይለውም።

የመንገዱ ውሃ በዚያ ሰሞን የሚመጣው በሳምንት ሦስት ሌሊት ገደማ ነበር። ሲመጣ ሁለት መንገድ ይሄዳል። አንዱ ወደ ሮቶው ይወጣል፣ አንዱ በቀጥታ ወደ ቤቱ ይገባል። ሲሄድ ደግሞ ቤቱ ከሮቶው ይጠጣል። ሮቶው 1,000 ሊትር ነው፤ ሦስት ሜትር ገደማ በሚሆን የብረት ማማ ላይ ተቀምጧል። በመሃል ቼክ ቫልቭ አለ፤ የሮቶው ውሃ ወደ መንገዱ መስመር እንዳይመለስ የሚያግደው እሱ ነው። እዚህ አካባቢ አብዛኛው ቤት የተዘረጋው በዚሁ መልክ ነው።

ችግሩ

መጀመሪያ የታወቀው በሮቶው ነው። ፈረቃ እስከ ፈረቃ ያደርስ የነበረ ውሃ በሁለተኛው ቀን ማለቅ ጀመረ። ቀጥሎ ሂሳቡ መጣ። የውሃ ታሪፍ ደረጃ አለው። ብዙ የተጠቀመ ሰው ለተጨማሪው ሜትር ኩብ የሚከፍለው ዋጋ ከፍ ይላል። ስለዚህ ፍጆታው በጥቂት ሲጨምር ሂሳቡ በብዙ ይዘላል። የዚያ ወር ወረቀት ሲነበብ ግቢው ዝም አለ።

ከዚያ ጣት መቀሳሰር ተጀመረ። እማማ የጠረጠሩት ጨቅላ ያላትን እናት ነው። የልጅ ጨርቅ በየቀኑ ታጥባለች፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? እህትማማቾቹ ረዳቱን አሙት፤ ከመንገድ ሲመለስ አቧራውን ለማስለቀቅ አንድ ባልዲ አይበቃውም። ረዳቱ ደግሞ ግማሹን ሳምንት ግቢው ውስጥ የለም፤ ሙሉ የሰው ድርሻ መክፈሉ ድሮም አልተዋጠለትም ነበር። አንድ ጠዋት የግቢው ቧንቧ እጀታ በሽቦ ተጠምዝዞ፣ ሽቦው ላይ የሻንጣ ቁልፍ የምታክል ጓጉንቸር ተንጠልጥላ ተገኘች። ቧንቧው ከዚያ በኋላ የሚከፈተው ጠዋትና ማታ፣ እማማ ባሉበት ሆነ። በወሩ መጨረሻ ረዳቱ ዕቃውን ጭኖ ወጣ።

የእማማን ፍላሽ ማንም አልጠረጠረም። ድምፅ የለውም። ወለሉ ደረቅ ነው። ሲጫኑት ይሠራል።

የመጀመሪያው ጥገና

ልጃቸው በመጨረሻ ቧንቧ ሠራተኛ አመጣ። ሰውየው የመጣው ከሰዓት በኋላ፣ ውሃ በሌለበት ቀን ነው። ታንኩን ከፍቶ አየ። «እማማ፣ ዕቃው አርጅቷል፤ ውስጡን እንቀይረው» አለ። የውሃ ማስገቢያውን በአዲስ ቀየረ። ውሃውን ወደ ሳህኑ ከሚለቀው ማውረጃ ላይ የላይኛውን ክፍል፣ ባለ ሁለት ቁልፉን ከነጎማው፣ ቀየረ። የታችኛውን መቀመጫ፣ ጎማው የሚያርፍበትን፣ ግን አልነካውም። እሱን ለመቀየር ታንኩ ከሳህኑ ላይ መውረድ አለበት፤ ያ ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በመቀመጫው ላይ የተጋገረውን ነጭ ነገር በቢላ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ታንኩ ትንሽ ይወዛወዝ ስለነበር ከታች ያሉትን ሁለት ብሎኖች በመፍቻ ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ሞልቶ አወረደ፣ ደግሞ ሞልቶ አወረደ፣ ደህና ነው ብሎ ሄደ።

ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። የሠራው ሁሉ በዚያ ሰዓት ላየው ነገር ትክክል ይመስል ነበር። ችግሩ ያየው ነገር ግማሽ መሆኑ ነው።

በሳምንቱ ከታንኩ ሥር ወለሉ መራስ ጀመረ። ልጅየው ቅዳሜ ሲመጣ ሲሊኮን ገዝቶ ብሎኖቹን ዙሪያቸውን ቀባ። በርጥብ ሴራሚክ ላይ የተቀባ ሲሊኮን አይያዝም፤ በማግስቱ እንደ ማስቲካ ተላጠ። ሮቶው ማለቁን አላቆመም። የሚቀጥለው ወር ሂሳብ ከበፊቱም ባሰ። በዚህ ጊዜ ነው እማማ አጥር ላይ ሆነው «አንተ ልጅ፣ እስኪ ና እየው» ያሉኝ።

ምርመራው

ምንም ሳንፈታ፣ ምንም ሳንገዛ መለካት ይሻላል አልኩ። እማማ ደስ አላላቸውም። የእሳቸው ሐሳብ ሰው ይመጣል፣ መፍቻ ያወጣል፣ ይጠግናል ነው። እኔ ይዤ የገባሁት ግን እርሳስና ስልክ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ በቀን ነው። ታንኩ ሞልቶ ሲቆም፣ ከግድግዳው የሚመጣውን ማጥፊያ ዘጋሁ። በታንኩ ውስጥ የውሃው ጠርዝ ላይ በእርሳስ አሰመርኩ። ሴራሚክ እርሳስ ይቀበላል፣ በኋላም በቀላሉ ይጠፋል። ውሃው ዝም ብሎ ወረደ። 1 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ 6 ደቂቃ ያህል ወሰደ።

ይህ ምን ያህል እንደሆነ ማስላት ይቻላል። የታንኩ ውስጥ 35 በ14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 1 ሳንቲ ሜትር ማለት ግማሽ ሊትር ለማለት ትንሽ የቀረው ነው። በ6 ደቂቃ ግማሽ ሊትር ካልን በሰዓት 5 ሊትር፣ በቀን 120 ሊትር ይሆናል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስድስት። እማማ ስድስት ጀሪካን ስላቸው አላመኑኝም። «ድምፁስ?» አሉ። ድምፅ የለውም፤ ከሳህኑ ጀርባ ግድግዳ ላይ እንደ ስስ ላስቲክ ተለጥፎ ነው የሚወርደው። በዓይን ለማየት እንኳ ያስቸግራል።

እንዲታይ አንድ ነገር ያስፈልግ ነበር። ጨቅላ ያላት እናት በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበርና ሄዳ የቀይ ሥር መቀቀያ ውሃ በሳፋ ይዛ መጣች። ታንኩ ውስጥ ገለበጥነው። ማንም እንዳይጫነው ተባለ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሳህኑ ጀርባ ቀጭን ሮዝ መስመር ወረደ፤ ከታች ያለው ውሃም ሐምራዊ መሰለ። እማማ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ቀና ብለው የጨቅላዋን እናት አዩ፣ ምንም አላሉም።

እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ ጎማውን ቀይረን እንጨርስ ነበር። ግን ቁጥሩ አልገጠመም። ሂሳቡ ላይ የተጨመረው ፍጆታ በቀን ከ120 ሊትር ይበልጣል። ሌላ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ያ ቀዳዳ ደግሞ በቀን አልታየም።

ሁለተኛው ሙከራ ውሃ በመጣ ሌሊት ነው። ልጅየው አድሮ ነበር። ሮቶው ሞልቶ ፍሎተሩ፣ ተንሳፍፎ መግቢያውን የሚዘጋው፣ እስኪዘጋ ጠበቅን፤ አለበለዚያ ቆጣሪው የሚቆጥረው የሮቶውን መሙላት ነው። ከዚያ በግቢው ያለ ቧንቧ ሁሉ ተዘጋ። ቆጣሪው በሩ አጠገብ በሲሚንቶ ሳጥን ውስጥ ነው። ክዳኑ ሲነሳ የሸረሪት ድር፣ ከሥሩ ጭቃ፣ መስታወቱ ላይ ላብ። ልጅየው በእጅጌው ጠረገው፤ እኔ የስልክ ባትሪ አበራሁ። ከቁጥሮቹ ጎን ያለችው፣ ውሃ ሲያልፍ ብቻ የምትዞረው ትንሽ ኮከብ ትዞራለች። ሁሉም ተዘግቶ ትዞራለች።

ቁጥሩን ጻፍን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስናየው 19 ሊትር ጨምሯል። ከዚያ የእማማን ሽንት ቤት ማጥፊያ ዘግተን ተመለስን። ኮከቧ ቆማለች። ለካ ግቢው በሙሉ የሚያፈሰው በዚያች አንዲት ማጥፊያ በኩል ነው።

ወደ ሽንት ቤቱ ገባን። ማጥፊያውን ከፍተን ጠበቅን። ቀን ፀጥ ያለው ታንክ አሁን እንደሚያፏጭ ሰው ሲ ይላል። ክዳኑን ሳነሳው ውሃው የትርፍ ማስወጫ ቱቦውን አፍ አልፎ ወደ ውስጥ እየወረደ ነው።

የተገኘው ምክንያት

ሦስት የተለያዩ ማፍሰሻዎች ነበሩ፤ የአንዱ ምክንያት ከሌላው ጋር አይገናኝም።

የመጀመሪያው የማውረጃው መቀመጫ ነው። ጎማው አዲስ ነው፣ የሚያርፍበት ጠርዝ ግን አሮጌ። የተጋገረው ማዕድን አሸዋማ ስላደረገው ጎማው ግጥም አይልም። ቢላው ደግሞ ጫር አድርጎታል። ከሁሉም የቆየው ይሄ ነው፤ መጀመሪያ ሮቶውን ያስጨረሰውም እሱ ነው።

ሁለተኛው ሰው ሁሉ የሚስተው ነው። በታንኩ ውስጥ ውሃ ሲሞላ ፍሎተሩ ይነሳና የማስገቢያውን በር ይዘጋል። በሩን የሚዘጋው ፍሎተሩ ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል ነው። ከውጭ የሚመጣው ውሃ በጉልበት ሲገፋ ይህንን በር ለመዝጋት ፍሎተሩ የበለጠ መጥለቅ አለበት፤ ማለትም ውሃው የበለጠ ከፍ ማለት አለበት። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። ከእማማ ሮቶ የሚወርደው እንግዲህ 0.3 ባር ያህል ቢሆን ነው። ሌሊት ከመንገዱ የሚመጣው የዚህ ብዙ እጥፍ ነው፤ የግቢው የውሃ ጎማ ያን ጊዜ ከእጅ ሊያመልጥ ይደርሳል። ባለሙያው ፍሎተሩን ያስተካከለው በሮቶ ውሃ ነው። ውሃው ከትርፍ ማስወጫው አፍ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቆመለት። ጥሩ ይመስላል፤ ታንኩ ሙሉ ነው። ሌሊት ግን ውሃው ከአፉ በላይ ካልወጣ በሩ አይዘጋም። ከአፉ በላይ ደግሞ ሊወጣ አይችልም፣ ይፈሳላ። ስለዚህ ፈረቃው እስኪያልፍ ሳይዘጋ ያድራል።

ቀን የመጣ ሰው ይህን ሊያይ አይችልም። የመንገዱ ውሃ ሲሄድ ሁሉም ነገር ልክ ይሆናል።

ሦስተኛው የብሎኖቹ ነው። የደረቀ ጎማ በመፍቻ ሲጠብቅ ተሰነጣጠቀ። ከሥሩ ኩባያ አስቀምጠን አደርን፤ እስኪነጋ አልሞላም። ሲሊኮን ያስገዛው፣ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያየው፣ መወልወያ በየቀኑ የሚያስመጣው ውሃ ከሦስቱ ትንሹ ነበር።

ሲደመር እንዲህ ነው። ውሃ በማይመጣበት ቀን 120 ሊትር። በሚመጣበት ቀን፣ ስምንት ሰዓት ቢቆይ፣ 230 ሊትር ገደማ። በሳምንት ሦስት ሌሊት ይመጣል ካልን በወር 5 ሜትር ኩብ ያህል ይወጣል። አምስት ሙሉ ሮቶ።

የተሠራው

መጀመሪያ ፍሎተሩን ዝቅ አደረግነው። ጎኑ ላይ በካቻቪቴ የምትዞር የፕላስቲክ ብሎን አለች። የተስተካከለው ሌሊት፣ የመንገዱ ውሃ እያለ ነው፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። ውሃው ከትርፍ ማስወጫው አፍ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ዝቅ ብሎ እስኪቆም አዞርናት። በሮቶ ውሃ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል፣ ግን ለማውረድ ይበቃል። ይህ ምንም አላስወጣም። ከአጠቃላዩ ብክነት ከሩብ በላይ ድርሻ የነበረው ማፍሰሻ በአንዲት ብሎን ቆመ።

መቀመጫውን መጀመሪያ በአቼቶ ሞከርነው። ታንኩን ባዶ አድርገን፣ አቼቶ የነከረ ጨርቅ ጠርዙ ላይ ጠምጥመን አሳደርን። በማግስቱ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሲታሽ ነጩ ነገር እንደ ሊጥ ለቀቀ። እንደገና ለካን። 6 ደቂቃው ወደ 40 ደቂቃ ረዘመ። ትልቅ ለውጥ ነው፣ ግን አልቆመም። የቢላዋ ጭረት በጣት ጥፍር ይሰማል። አቼቶ ጭረት አይሞላም።

ስለዚህ ታንኩ ወረደ። ለብሎኖቹም ያው መውረዱ አይቀርም ነበር። ማጥፊያው ተዘጋ፣ ውሃው ተጨልፎ ወጣ፣ ከግድግዳው ወደ ታንኩ ውሃ የሚያመጣው ቱቦ፣ ፍሌክሲብሉ፣ ተፈታ፣ የብሎኖቹ ዳዶ ተፈታ። አንዱ ዝጎ ስለነበር ዘይት ጠብ አድርገን ጠበቅን። ታንኩን ሁለት ሰው ቢያነሳው ይሻላል፤ ሴራሚክ ከወደቀ የሚጠገን ነገር አይደለም። የማውረጃው መቀመጫ ሙሉው፣ በታንኩና በሳህኑ መሃል ያለው ወፍራም ጎማ፣ ብሎኖቹ ከነጎማቸው ተቀየሩ።

ዕቃውን መርካቶ የገዛው ልጅየው ነው። አሮጌውን በፌስታል ይዞ እንዲሄድ ነገርኩት። ሱቅ ውስጥ «ሁሉም አንድ ነው፣ ይገጥማል» ማለት የተለመደ ነው። አይገጥምም። የመጀመሪያው ሱቅ የሰጠው ጎማ አሮጌው ላይ ሲለካ በጣት ስፋት ጠበበ፤ ሁለተኛው ሱቅ ትክክለኛውን አገኘ።

ብሎኖቹን ስናስር ጎማው በታንኩ ውስጥ፣ ሮንዴላውና ዳዶው ከውጭ ሆነ። አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ፣ እያፈራረቁ ነው። መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር። ታንኩ ሳህኑ ላይ ሲያርፍና መወዛወዙን ሲተው ይቆማል። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ታንክ መስበር ነው።

ፍሌክሲብሉ ላይ የድሮው ባለሙያ ቴፍሎን ጠምጥሞበት ነበር፣ የጋቢ ጫፍ እስኪመስል። ፈትተን ጣልነው። እዚያ ቦታ ውሃውን የሚይዘው በዳዶው ውስጥ ያለው ጎማ ነው፤ ቴፍሎኑ የፕላስቲኩን ጥርስ ከማስጨነቅ ሌላ ጥቅም የለውም።

በመጨረሻ ሙከራዎቹን ደገምናቸው። የእርሳሱ መስመር ላይ ያለው ውሃ በማግስቱም እዚያው ነበር። ሌሊት ኮከቧ ቆማ አደረች።

ያልሠራው

ሲሊኮኑን ጠቅሻለሁ። ሌላው የማጥፊያውን ግማሽ መዝጋት ነው። በመሃል እማማ ጎረቤት መክሯቸው ሞክረውት ነበር። ግማሽ የተዘጋ ማጥፊያ የሚፈሰውን ውሃ ያቀጥነዋል እንጂ ግፊቱን አይቀንስም። ታንኩ ሞልቶ ውሃው ሲቆም ግፊቱ ተመልሶ ያው ይሆናል፤ ቀስ ብሎ ያፈስሳል፣ ግን ያፈስሳል። በዚያ ላይ ታንኩ ለመሙላት ዘላለም ይፈጃል።

የሃይላንድ ጠርሙስም ነበር። ውሃ ለመቆጠብ ብለው ሞልተው ታንኩ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። ሐሳቡ አይከፋም፣ ሰፊ ታንክ ላይ ይሠራል። የእሳቸው ታንክ ግን ጠባብ ነው። ጠርሙሱ እየተንሸራተተ የማውረጃውን እግር ይደገፈው ነበር፤ አንዳንዴ ቁልፉ ተጭኖ የማይመለሰው ለዚህ ነው። አወጣነው።

አዲሱ የውሃ ማስገቢያም ትንሽ አስቸግሯል። መግቢያው ላይ ጥቃቅን ወንፊት አለችው። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው አየርና ዝገት ያለበት ደፍራሽ ነው፤ ወንፊቷ በዚያ ትደፈናለች። ታንኩ መሙላት ሲያዘገይ ፈትተን አጠብናት። አሁን ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የግቢው ቧንቧ ይከፈትና ደፍራሹ ለአትክልት ይሄዳል። የተሻለው በዋናው መስመር ላይ ማጣሪያ መግጠም ነበር፤ እማማ ወጪውን ሰምተው «ቆይ እስኪ» ብለዋል።

ገንዘቡና ሰዉ

በሚቀጥለው ንባብ ፍጆታው ወደ ድሮው ተመለሰ።

ያለፉት ወራት ግን አከራካሪ ሆኑ። እህትማማቾቹ በግልጽ ጠየቁ፦ ውሃው በእማማ ቤት ከፈሰሰ እኛ ለምን ከፈልን? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እማማ በበኩላቸው ማንም አላወቀም ነበር አሉ፤ ይሄም እውነት ነው። በመጨረሻ ልጅየው ገብቶ የመጨረሻውን ትልቅ ሂሳብ እሳቸው ብቻቸውን እንዲሸፍኑት ተስማሙ። ከዚያ በፊት የተከፈለው እንደተከፈለ ቀረ። ረዳቱ የትኛውም ስሌት ውስጥ አልገባም፤ እሱ ከሄደ ቆይቷል።

ጓጉንቸሯ ወረደች። እማማ ይቅርታ ሲሉ አልሰማሁም። ጨቅላዋ ስታለቅስ ግን ከመስኮት «አምጫት ወደዚህ፣ እኔ ልያዛት፣ ጨርቅሽን እጠቢ» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ለሌላ ቤት የሚጠቅመው

ሰው ከመጠርጠር በፊት መለካት ይቀላል። የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ሰዓትና የሚከፈት የቆጣሪ ክዳን ነው። አንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤት ሲሆን ይህ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጉርብትናም ያተርፋል።

ማጥፊያውን ዘግቶ መስመር ማስመር ጥሩ መለያ ነው። ውሃው ከመስመሩ ከወረደ ጥፋቱ ወደ ታች ነው፦ የማውረጃው ጎማ፣ መቀመጫው፣ ወይም ብሎኖቹ። ወለሉ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ብሎኖቹን ተዋቸው። ካልወረደና ማጥፊያው ሲከፈት የሚያፏጭ ከሆነ ጥፋቱ የማስገቢያው ነው። ቀይ ሥር ከሌለ ጠቆር ያለ የቡና አተላ ውሃም ይሠራል። ያም ከሌለ የሳህኑን ጀርባ አድርቆ ሶፍት መለጠፍ ነው፤ ሶፍቱ ከራሰ ውሃ ይወርዳል።

ፈረቃ ያለበት ቤት በሁለቱም ውሃ መፈተሽ አለበት፤ በሮቶውም በመንገዱም። ፍሎተር የሚስተካከለው ግፊቱ በሚበረታበት ሰዓት ነው። ባለሙያ ሌሊት አይመጣም። ስለዚህ ቀን ከሠራ በኋላ ውሃ በመጣ ሌሊት ክዳኑን አንስቶ የሚያየው የቤቱ ሰው ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ዕቃ ሲቀየር የሚነካካው ሁለቱም ወገን መታየት አለበት። አዲስ ጎማ በአሮጌ ቅርፊት ላይ ገንዘብ ማባከን ነው። ቅርፊቱን ቢላ አይንካው። በጉድጓድ ውሃ ሰፈር በዓመት አንዴ አቼቶ ማሳደር ብዙ ነገር ያስቀራል።

የቀረ ሥራ

የግድግዳው ማጥፊያ እኛ ደጋግመን ስንከፍት ስንዘጋው አንገቱ ላይ ማላብ ጀምሯል። ዓመታት ሳይነካ የቆየ ማጥፊያ እንዲህ ያደርጋል። ለጊዜው ዳዶዋን ጠበቅ አድርገናታል። እሱን ለመቀየር የግቢው ውሃ በሙሉ መዘጋት ስላለበት እህትማማቾቹ የማታ ፈረቃ የሚገቡበት ሳምንት እየተጠበቀ ነው። ዕቃው ተገዝቶ እማማ ቡፌ ውስጥ ተቀምጧል።

የቆጣሪውን ቁጥር ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተር ላይ የምትጽፈው ጨቅላ ያላት እናት ናት። ራሷ ነች ልጻፍ ያለችው።